ሻነን እና ቼሳፒክ፦ ሩብ ሰዓት ያልሞላ የባሕር ውጊያ

ጉዳዩ ባጭሩ

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1813 አመሻሽ ላይ፣ ከቦስተን ወደብ ራቅ ብሎ ሁለት የሸራ የጦር መርከቦች ተገጣጠሙ። አንዷ የእንግሊዝ ሻነን ነበረች፤ ሌላዋ የአሜሪካ ቼሳፒክ። ተኩሱ ሲጀመር በመካከላቸው 40 ሜትር እንኳን አልነበረም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቼሳፒክ ተማረከች። በሁለቱም ወገን የሞቱትና የቆሰሉት ተደምረው ከ200 በላይ ሆኑ።

ይህ ውጊያ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጀግንነት ነው። ልብማ ሁለቱም ነበራቸው። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት በሌላ ምክንያት ነው። አስቀድሞ የታሰበበት ነገር ሁሉ በጭስና በጩኸት መሃል ሠርቷል። ‹ሲደርስ እናየዋለን› ተብሎ የተተወው ደግሞ ሰው አስከፍሏል። ይሄ የተሸናፊዋ ችግር ብቻ አይደለም። አሸናፊዋም ሳታስብበት በቀረችው አንድ ነገር የገዛ ሰዎቿን ገድላለች።

ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ በሥራ ድርሻቸው ይበቃል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከውጊያው በፊት የነበረው ሁኔታ

አሜሪካ በጁን 1812 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ በባሕር ላይ ማንም ተስፋ አልጣለባትም ነበር። እንግሊዝ በትልቁ የትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ካሸነፈች ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመርከቦቿ ብዛት አይገመትም። ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። በኦገስት ኮንስቲትዩሽን የተባለችው የአሜሪካ መርከብ የእንግሊዟን ገሪየርን አሸነፈች። በኦክቶበር ዩናይትድ ስቴትስ የምትባለው መርከብ ማሴዶኒያንን ማረከች። በዲሴምበር ኮንስቲትዩሽን እንደገና ጃቫን ደገመች። በለንደን ትልቅ ድንጋጤ ሆነ።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። እነዚያ የአሜሪካ መርከቦች ይበልጣሉ። ዋና መድፎቻቸው 24 ፓውንድ የሚመዝን የብረት ድብልብል ይተኩሳሉ። የእንግሊዞቹ 18 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለመናገር ያሳፍር ነበር። ከትራፋልጋር በኋላ በብዙ የእንግሊዝ መርከቦች የተኩስ ልምምድ ችላ ተብሏል። ‹ተጠጋ፣ ቶሎ ቶሎ ተኩስ› የሚለው የድሮ ዘዴ ለዘላለም የሚያዋጣ መስሏቸው ነበር።

ሁለቱ መርከቦች

ይህን ጉዳይ ለጥናት የሚያመቸው መርከቦቹ እኩያ መሆናቸው ነው። ሁለቱም 28 ባለ 18 ፓውንድ መድፎች ነበሯቸው። ሁለቱም በላይኛው ደርብ ላይ አጫጭርና ወፋፍራም፣ ከቅርብ ሲተኮሱ የሚያደቅቁ ባለ 32 ፓውንድ መድፎች ጭነዋል። ትንንሾቹ ሲደመሩ እያንዳንዷ ወደ 50 መድፍ ነበራት። በሰው ብዛት ቼሳፒክ ትበልጣለች፤ ወደ 380 ሰው። ሻነን ላይ የነበሩት ወደ 330 ናቸው።

ስለዚህ ‹መድፋቸው ከብዶ ነው› ወይም ‹ሰው አንሷቸው ነው› የሚል ማመካኛ አይሠራም።

ሻነን ላይ ምን ተሠራ?

የሻነን ካፒቴን መርከቧን የተረከበው በ1806 ነው። ውጊያው በሆነበት ቀን አብሯት ሰባት ዓመት ሊሆነው ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ካፒቴን በአንድ መርከብ ላይ ይህን ያህል መቆየቱ ብርቅ ነው። ጊዜውን ግን እንዲሁ አላሳለፈውም።

አንዱን መድፍ ጠጋ ብለን እንየው። ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። አራት የእንጨት ጎማ ባለው አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ በወፍራም ገመድ ከመርከቧ ግድግዳ ጋር ታስሯል። በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይስፈነጠራል። ሰዎቹ አፈሙዙን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ የባሩዱን ከረጢት፣ ከዚያ ብረቱን፣ ከዚያ መወተፊያውን ይከታሉ። ከዚያ ገመዱን ስበው አፈሙዙን በመስኮቱ ያወጡታል። የመድፉ አለቃ ከኋላ ቆሞ፣ መርከቧ በማዕበሉ ስትወዛወዝ ጠብቆ ይተኩሳል።

በአብዛኛዎቹ መርከቦች ማነጣጠር ማለት በበርሜሉ ላይ በዓይን ማየት ብቻ ነበር። ችግሩ በርሜሉ ከኋላው ወፍራም፣ ከፊቱ ቀጭን ነው። በጀርባው ላይ ተመርተህ ካነጣጠርክ አረሩ ካሰብከው በላይ ያልፋል። የሻነን ካፒቴን በየመድፉ ላይ ይህን ልዩነት የሚያስተካክል ማነጣጠሪያ አስገጠመ። ከየመድፉ ኋላ በወለሉ ሳንቃ ላይ በግማሽ ክብ የዲግሪ መስመር አስቀረጸ። አፈሙዙን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የእንጨት ሽብልቅም ልኬት ወጣለት። ይህን ሁሉ የመንግሥት ግምጃ ቤት አልከፈለለትም፤ ከኪሱ ነው ያወጣው።

የዚህ ጥቅሙ ምንድነው? ሁለት ሦስት ዙር ከተተኮሰ በኋላ የመድፍ ደርቡ በጭስ ይሞላል። ተኳሹ ጠላቱን አያይም። ሻነን ላይ ግን ከላይ ሆኖ የሚያይ መኮንን ዲግሪውንና ከፍታውን ሲጠራ፣ ታች ያለው ሰው መድፉን በመስመሩ ላይ አስተካክሎ ያላየውን ነገር ይመታል። ሁሉም መድፎች በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያርፉም ማድረግ ይቻላል። ለ1813 ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ልምምዱ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋትም ከሰዓትም ልምምድ ነበር፤ አንዴ በመድፍ፣ አንዴ በጠመንጃ። አንዳንዴ ካፒቴኑ ሳያስጠነቅቅ ባዶ በርሜል ባሕር ላይ ያስጥልና ‹ምቱት!› ይላል። ለመታ ትምባሆ ይሸለማል።

የሥራ ክፍፍሉም በዚሁ ልክ ነበር። በላይኛው ደርብ ካሉት ቀላል ባለ 9 ፓውንድ መድፎች የአንዱ ሥራ የጠላት መርከብ የምትዞርበትን መሪ (መዘውር) መስበር ብቻ ነው። የሌላው ደግሞ የፊት ሸራዎቹን መበጠስ። ‹ባገኛችሁት ተኩሱ› የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። የተማረኩ የንግድ መርከቦችን ወደ ወደብ ወስዶ መሸጥ ለመርከበኛው ጥሩ ገንዘብ ነው። ካፒቴኑ ግን ብዙዎቹን አቃጠላቸው። ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ምርኮ የሚነዳ ሰው መመደብ አለበት፤ እንዲህ ሰው እየመደበ ከሄደ ያሠለጠነው ቡድን ይሳሳበታል። ሰዎቹ ገንዘባቸው ሲቃጠል አይተው ዝም ማለታቸው እሱን ምን ያህል ይቀበሉት እንደነበር ይናገራል።

ቼሳፒክ ላይ ምን ነበር?

የቼሳፒክ ካፒቴን ጎበዝ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ሆርኔት በምትባል ትንሽ መርከብ ፒኮክ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አስጥሟል። ይህ ድል ለእንግሊዝ ተኩስ የነበረውን ግምት ሳያወርደው አልቀረም። ያየው ግን የፒኮክን ተኩስ ነው፤ የሻነንን አይደለም።

ቼሳፒክን የተረከበው በሜይ 1813 ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ውጊያው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ነባሩ አንደኛ ምክትል ታሞ የብስ ላይ ቀርቷል። በእሱ ቦታ የተተካው የ21 ዓመት ወጣት ነው። ከሥሩ ያሉትም መኮንኖች አንዳንዶቹ በተጠባባቂነት የተሾሙ ነበሩ። ነባሮቹ መርከበኞች ደግሞ ካለፈው ጉዞ የምርኮ ድርሻችን አልተከፈለንም ብለው ቅሬታ ላይ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ‹የቼሳፒክ ሰዎች ባሕር የማያውቁ ጀማሪዎች ነበሩ› ሲባል ትሰማላችሁ። ይሄ ለሽንፈቱ የተሰጠ ማጽናኛ ነው። ብዙዎቹ በባሕር የኖሩ ሰዎች ናቸው። የጎደላቸው በእነዚህ መኮንኖች ሥር፣ በዚህች መርከብ ላይ አብሮ መሥራት ነው። እያንዳንዱ ሥራውን ያውቃል፤ ከጎኑ ያለው ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም።

መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ካፒቴኑ የተሰጠው ትእዛዝ ወደ ካናዳ ስንቅና ትጥቅ የሚያመላልሱ የእንግሊዝ መርከቦችን ሄዶ እንዲያጠቃ ነበር። ከሻነን ጋር አንድ ለአንድ ግጠም ያለው የለም።

ግጥሚያው እንዴት መጣ?

የሻነን ካፒቴን ግን ያን ግጥሚያ አጥብቆ ይፈልገው ነበር። አብራው ቦስተንን ስትጠብቅ የነበረችውን ሌላ መርከብ ሆን ብሎ አሰናበታት፤ ሁለት ለአንድ ከሆነ ቼሳፒክ አትወጣም ብሎ ነው። የሻነን ውሃ እያለቀ ስለነበር ብዙ መጠበቅም አይችልም። ለቼሳፒክ ካፒቴን ‹መርከብ ለመርከብ እንገናኝ› የሚል በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ በአንድ የተፈታ እስረኛ እጅ ላከ።

ያ ደብዳቤ የውጊያው መነሻ ተደርጎ ሲተረክ ይሰማል። አልነበረም። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ቼሳፒክ መልሕቋን አንስታ ወጥታ ነበር። ‹ነፃ ንግድና የመርከበኛ መብት› የሚል ነጭ ባንዲራ ሰቅላለች። የቦስተን ሰው በትንንሽ ጀልባ ተጭኖ ሊያይ ተከተላት። ሻነን በበኩሏ ባሕር ላይ ከርማ ቀለሟ የለቀቀ መርከብ ናት። መርከበኞቹ ‹እኛስ እንደሷ ብዙ ባንዲራ ለምን አንሰቅልም?› ቢሉት ካፒቴኑ አልፈቀደም።

ተኩሱ

ከቀኑ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቼሳፒክ ከሻነን ኋላ በቀኝ በኩል መጣች። እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነበራት። በሻነን ኋላ አቋርጣ ብታልፍ ኖሮ አረሮቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱ ነበር፤ ሻነን ደግሞ በዚያ በኩል የምትመልስበት መድፍ የላትም ማለት ይቻላል። የቼሳፒክ ካፒቴን ይህን ትቶ ጎን ለጎን መቆም መረጠ። ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ጨዋነቱን አልክድም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ታች በመድፎቹ አጠገብ የቆሙት ናቸው።

የሻነን ካፒቴን ለሰዎቹ የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው። አረር አታባክኑ፤ እያንዳንዱን አነጣጥሩ፤ ምሰሶውን ተዉት፤ ሰዎቹን ምቱ። እያንዳንዱ መድፍ የሚተኩሰው ኢላማው ፊቱ ሲመጣ ነው።

ቼሳፒክ ፍጥነቷ በዝቶ ስለነበር በሻነን ጎን እየተንሸራተተች አለፈች። ይሄ ለሻነን ተኳሾች የተመቸ ሆነ። የመጀመሪያው አረር ወጣ፤ ቀጥሎ ያለው፤ ቀጥሎ ያለው። እያንዳንዱ መድፍ ተራ በተራ የቼሳፒክን መስኮቶች አገኘ። ቼሳፒክም መለሰች፤ ሻነንም ሰው ወድቆባታል። ልዩነቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ታየ። የቼሳፒክ ላይኛው ደርብ ላይ መሪ የያዙት ሰዎች እየተተካኩ ወደቁ። ከዚያ ባለ 9 ፓውንዱ መድፍ መሪውን ራሱን ሰባበረው። የፊት ሸራዎቹም ተበጠሱ።

መሪ የሌላት፣ የፊት ሸራ የሌላት መርከብ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ቼሳፒክም እንዲሁ ሆነች። ቆመች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። የኋላ ግራ ማዕዘኗ ከሻነን ጎን ጋር ተላትሞ በሻነን መልሕቅ ላይ ተጠለፈ። በዚህ አቋም የቼሳፒክ መድፎች አብዛኞቹ ባዶ ባሕር ነው የሚያዩት። የሻነን መድፎች ግን በኋላ መስኮቶቿ እያስገቡ ርዝመቷን ይጠርጓታል። በላዩ ላይ የእጅ ቦምብ ቼሳፒክ ላይ የነበረ የጥይት ሳጥን አጋየ።

እጅ ለእጅ

ቼሳፒክ ላይ ‹ለእጅ ለእጅ ውጊያ ወደ ላይ ውጡ› የሚለው ጥሪ የሚተላለፈው በጥሩምባ ነበር። ጥሩምባ ነፊው በፍርሃት ተደብቋል። ፈልገው ሲያገኙትም መንፋት አቃተው። ትእዛዙ በአፍ እንዲተላለፍ ሆነ፤ በዚያ ጩኸት መሃል ማን ይሰማል? ካፒቴኑ በዚሁ መሃል በጥይት ክፉኛ ተመታ። ወደ ታች ሲያወርዱት ‹ቶሎ ቶሎ ተኩሱ በሏቸው፤ መርከቧን እንዳትሰጡ› እያለ ነበር። አንድ ተጠባባቂ መኮንን እሱን ደግፎ ወረደ። ተመልሶ ሊወጣ ሲል መሰላሉ ወደ ታች በሚሸሹ ሰዎች ተዘግቷል። የላይኛው ደርብ ያለ አዛዥ ቀረ።

ሻነን ላይ የሸራና የገመድ አለቃው ሁለቱን መርከቦች አንድ ላይ ሊያስር ሲሞክር ክንዱን አጣ፤ በኋላም ሞተ። ካፒቴኑ ጎራዴውን መዝዞ ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ቼሳፒክ ዘለለ። መጀመሪያ ብዙም የሚከላከል አላገኙም። የቼሳፒክ ቄስ ሽጉጥ ተኩሶበት ሳተው። ቆስሎ የነበረው የ21 ዓመቱ ምክትል ሰው አሰባስቦ ወጣና አጥቂዎቹን ለመመለስ ሞከረ፤ እሱም ተመቶ ወደቀ። በመርከቧ የፊት ክፍል ላይ ግን ትንሽ የአሜሪካኖች ቡድን የሻነንን ካፒቴን አገኘው። በጎራዴ ራስ ቅሉን ከፈቱት። ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን በባሕር ላይ መርከብ አላዘዘም።

ከዚያ የመጣው ይህ ነው። የሻነን አንደኛ ምክትል መርከቧ መያዟን ለማሳየት የእንግሊዝን ባንዲራ ሊሰቅል ሄደ። ገመዱ ተጠላለፈና የአሜሪካው ባንዲራ ከላይ ሆኖ ወጣ። ሻነን ላይ ያሉት ተኳሾች ‹ውጊያው አላለቀም› ብለው ተኮሱ። አንደኛ ምክትሉንና ከአጠገቡ የነበሩትን የገዛ ጓዶቻቸውን ገደሉ።

በኋላ የሆነው

ሻነንን የተረከበው የ22 ዓመቱ ሁለተኛ ምክትል ነው። ሁለቱን መርከቦች ይዞ ጁን 6 ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ሃሊፋክስ ወደብ ገባ። የቼሳፒክ ካፒቴን ከሁለት ቀን በፊት መንገድ ላይ አርፎ ነበር፤ እንግሊዞቹ በክብር ቀበሩት። ቼሳፒክ በኋላ እንግሊዝ አገር ተፈታ ተሸጠች። ሳንቃዎቿ ዊክሃም በሚባል መንደር የእህል ወፍጮ ቤት ተሠራባቸው።

‹መርከቧን እንዳትሰጡ› የሚለው ቃል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መፈክር ሆነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 10 በኢሪ ሐይቅ ውጊያ ላይ ይኸው ቃል ባንዲራ ላይ ተጽፎ፣ በሟቹ ካፒቴን ስም በተሰየመች መርከብ ላይ ተሰቀለ። ያች መርከብ ክፉኛ ስትደበደብ አዛዡ ባንዲራውን ይዞ በጀልባ ወደ ሌላ መርከብ ተሻገረ። መርከቧን ትቶ ነው ያሸነፈው። መፈክርና ውሳኔ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም?

ማነጣጠሪያውና የወለሉ መስመር ሠርተዋል፤ ለዚህ ክርክር የለም። የሥራ ክፍፍሉም ሠርቷል። የመሪው መሰበር ዕድል ይመስላል፤ ግን ያንን መድፍ ለዚያ ሥራ ብሎ ያዘጋጀው ሰው አለ።

የሻነን ካፒቴን ራሱ ቀድሞ መዝለሉን ግን እንደ ጥሩ አርአያ አልቆጥረውም። ሰዎቹን አነሳስቷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሻነን ካፒቴኗንም አንደኛ ምክትሏንም አጣች። ያልተበተነችው ሁለተኛው ምክትል በቦታው ስለነበረ ነው። ካፒቴኑ የወደቀው ሥራው ሊያልቅ ሲል መሆኑም ረድቷታል። የቼሳፒኩ በመሃሉ ነው የወደቀው። ስለዚህ ‹ሻነን አዛዥ ሳይኖራትም ትሠራ ነበር› ብሎ መደምደም ይከብዳል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፍ ነገር

መጀመሪያ፣ ጎበዝ ሰዎችን ሰብስቦ ‹ቡድን አለኝ› ማለት አይቻልም። አዲስ አለቃ፣ አዲስ ምክትል፣ ያልተፈታ የክፍያ ቅሬታ፤ በዚህ ላይ ከባድ ሥራ መጀመር ሌላ አማራጭ ሲጠፋ እንጂ በፈቃድ የሚገባበት አይደለም። የቼሳፒክ ካፒቴን ደግሞ አማራጭ ነበረው፤ የተሰጠውም ትእዛዝ ሌላ ነበር።

ልምምድ ሲታቀድ ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል መታሰብ አለበት። ሻነን ላይ የወለሉ መስመር የተቀረጸው ለጠራ ቀን አይደለም፤ ጭሱ ሲሸፍን ነው የሚያገለግለው። ቼሳፒክ ላይ አንድ ዋና ጥሪ በአንድ ሰው ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያ ሰው ባይፈራ እንኳን በአንድ ጥይት ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛ መንገድ ያልተበጀለት ምልክት እንደሌለ ይቆጠራል።

ሥራ እንዴት እንደሚጀመር ሁሉም ያቅዳል። ማለቁን የሚነግር ምልክት ግን ይረሳል። ሰባት ዓመት የሠለጠነ ተኳሽ ‹አቁም› የሚለው ምልክት በአንድ የተጠላለፈ ገመድ ላይ ከሆነ፣ ሥልጠናው ራሱ ነው ጓደኛውን የሚገድለው። በደንብ ያነጣጥራላ!

ከሽንፈት በኋላ ስለሚደረግ ምርመራም አንድ ነገር አለ። ጥሩምባ ነፊው ተፈረደበት። ካፒቴኑን ደግፎ የወረደው ተጠባባቂ መኮንንም በ1814 በጦር ፍርድ ቤት ግዴታውን ቸል በማለት ጥፋተኛ ተብሎ ከባሕር ኃይሉ ተባረረ። ሰው መቅጣት የሁለት ሳምንቱን ዝግጅት ከመመርመር ይቀላል። የአሜሪካ ምክር ቤት የመኮንኑን ማዕረግ የመለሰለት በ1952 ነው፤ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ።